ወርዶ የጠራው ሰሌዳ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ስሟ ማንጠግቦሽ፣ ሙያዋ የደከመ ገላ ማሸት። እጇን ከእናቷ ወርሳዋለች። ገጠር ሳለች ወገቡ የያዘው፣ ትከሻው የደረቀ፣ እግሩ የዛለ ሁሉ ደጇን ይጠና ነበር። ባሏ ሲሞትባት ግን ወንድሟ ቤት ተጠጋች። የወንድሟ ሚስት ደግሞ እንጀራን በወጥ ሳይሆን በነገር የምታቀርብ ሴት ናት።

ማንጠግቦሽ የሰው ፊት ማየት መረራትና ያላትን ጥሪት ቋጥራ ወደ አንዲት የገበያ ከተማ ወረደች። መንገድ ዳር ጠባብ ክፍል ተከራየች። ከኪራዩ የተረፈውን ለሰሌዳ ሠዓሊ ሰጠችው። እሱም ትከሻዋን ገልጣ የተጋደመች፣ ከንፈሯ የቀላ ሴት ሣለላትና ከሥሯ «ማሳጅ ቤት» ብሎ ጻፈበት። «በሩ ላይ ቀይ መጋረጃ ስቀይበት፤ የከተማ ሰው እንዲህ ይወዳል» አላት። አመነችው። እንግዳ አገር የገባ ሰው ያልተመከረውን ከየት ያመጣል?

ከተማይቱ ግን ትንሽ ናት፤ ምላሷ ብቻ ትልቅ። ሴቶቹ ሰሌዳውን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ያልፋሉ። ወንዶቹ ይሳሳቁና በወዲያ ማዶ ይሄዳሉ። የገባው አንድ ሰካራም ብቻ ነው፤ እሱም የማይሆን ነገር ጠየቃት። ክንዱን ጠምዝዛ ጭቃው ላይ አስቀመጠችው።

የክፍሉ ባለቤት መጣና፣ «እስከ መስቀል በዓል ሰው ካልገባልሽ ክፍሉን ለልኳንዳ ነጋዴ እሰጠዋለሁ» አላት። መመለሻዋ እንግዲህ ያው የወንድሟ ሚስት ቤት ነው።

ከበሯ ፊት ለፊት ቅቤ የሚሸጡ እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ቅቤያቸው ንጹሕ፣ ምላሳቸው ምላጭ። አንድ የገበያ ቀን ማንጠግቦሽ ደጇ ላይ ኩርምት ብላ ስታለቅስ አይተው ተሻገሩ።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ሰው ሞተብሽ?»

«ሥራዬ ሞተብኝ፣ እማማ። እጄ ያው እጄ ነው፤ ሰው ግን አይገባም።»

«ምን ብሎ ይግባ? ያንቺን እጅ መቼ አየው? ያየው ይህችን ከንፈረ ቀይ ነው!»

«ሌላ ለማሣል ገንዘብ የለኝም።»

«ገንዘብ ማን ጠየቀሽ? ውሃ የለሽም? ገበሬው ይህን ሁሉ ጭቃ እየረገጠ ይመጣል። ድሮ እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠብ፣ ይታሽ፣ ቅቤ ይቀባ ነበር። ይህች ከተማ ሠለጠንኩ ብላ ተወችው። አንቺ አንሽው።»

«እኔ? መንገድ ዳር የሰው እግር አጣቢ ልሁን? ባለሙያ ነኝ እኮ!»

«ጌታ ዝቅ ብሎ አጥቧል። አንቺ ከማን በለጥሽ?» አሏትና ወደ ቅቤያቸው ተመለሱ።

ማንጠግቦሽን ኩራቷ ትከሻዋን ቢይዛትም የወንድሟ ሚስት ትዝ አለቻት። ተነሥታ መጋረጃውን ገነጠለች፤ ሰሌዳውንም አወረደችና ሥዕሉን ወደ ታች ደፍታ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋደመችው። ጥሩ መቀመጫ ወጣው። ውሃ አሙቃ አጠገቡ አኖረች።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀመጡላት። እግራቸው ገና ውሃው ውስጥ ሳለ፣ «አባባ፣ ወገብዎንም ያምዎት ይሆን? ውስጥ አሻለሁ፤ ዋጋውም ደህና ነው» አለቻቸው። ሽማግሌው እግራቸውን መዘዝ አድርገው፣ «እኔ ደግሞ ደግ ሰው አገኘሁ ብዬ!» ብለው እርጥቡን በረባሷቸው ውስጥ ከትተው ሄዱ። ከሳቸው ቀጥሎ የተቀመጠውም እንዲሁ።

እማማ ደብሪቱ ከማዶ ጭናቸውን መቱ። «አይ ልጄ! የሰውን እግር ውሃ ውስጥ ይዘሽ ኪሱን ትጠይቂዋለሽ? እንግዳ እግሩ ሳይደርቅ ስሙን እንኳ አይጠየቅም። እናትሽ አላስተማረችሽም?»

አስተምራታለች። ችግር ነው ያስረሳት።

ቀጥላ አንዲት እንጨት ሻጭ ሸክሟን ጥላ ተቀመጠች፤ ጀርባዋ የገመድ ሰንበር ነው። ማንጠግቦሽ ዝም ብላ አጠበቻት፤ ዝም ብላ ተረከዟን፣ ባቷን አሸቻት። ሴትዮዋ እንባዋ ወረደ።

«እህቴ፣ አሳመምኩሽ እንዴ?»

«የለም። ልጅ ሳዝል፣ በሽተኛ ሳነሣ፣ እንጨት ስሸከም እዚህ ደረስኩ። እኔን ሰው በደግ እጅ ከነካኝ ግን ቆየ።»

ማንጠግቦሽንስ ከባሏ ወዲህ ማን ነክቷት ያውቃል? በነጠላዋ ጫፍ ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀችላት። እማማ ደብሪቱም ማንም ሳይጠይቃቸው ቅቤ በቅጠል ይዘው መጡ።

«ምን ልክፈልሽ?» አለች እንጨት ሻጯ።

«እግር ማጠብ አይከፈልበትም።»

«ታዲያ በምን ትኖሪያለሽ?»

ያን ጊዜ፣ እግሯም ስለደረቀ፣ እሷም ስለጠየቀች፣ ማንጠግቦሽ ክፍሏን አሳየቻት። «ወገብ የያዘው ሲመጣ አሻለሁ፤ በሱ እኖራለሁ።»

እንጨት ሻጭ የማትገባበት ግቢ አለ? በየደጁ እንጨቷን ስታወርድ ስለዚያች እጅ አወራች። መጀመሪያ ጎረቤቷን ይዛ መጣች። ጎረቤቷ አማቷን፣ አማቷ ባሏን። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይጥሉ የነበሩትም መጥተው ነጠላውን ዘንቢል ላይ አስቀምጠው ተራ ያዙ።

የመስቀል ዋዜማ የክፍሉ ባለቤት መጣ። ወገቡን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ። ስለ ክፍሉ ምንም አላነሣም። «ተራው ከማን ቀጥሎ ነው?» አለ በቀስታ።

«መጀመሪያ እግርህን ታጠብ!» አሉት እማማ ደብሪቱ ከማዶ። እሱም ሰሌዳው ላይ ቁጭ አለ፤ ከበታቹ ያችን ከንፈረ ቀይ አድርጎ።

ያ ሰሌዳ ተሰቅሎ ያባረረውን ሰው ወርዶ ሰበሰበው። ሥራ ከፍታችሁ ሰው አልመጣም የምትሉ ሁሉ ይህን ያዙ፦ ሰው ገላውን የሚሰጠው ለሚያምነው ነው፤ እምነት ደግሞ ሠዓሊ አይሥለውም። ደግነቱንም መንጠቆ ካደረጋችሁት ዓሣው ያውቃል።

እናንተስ፣ የስንቱ እንግዳ እግር ሳይደርቅ ኪሱን ጠየቃችሁ?