አልሰማሁሽም

አንድ ባለወፍጮ ነበረ፤ ጆሮው ከዳው።

አባ ሉቃስ ይህን የተናገሩት ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ ብቻዋን ለቀረችው ለአጋታ ነው። «አባ፣ መቁጠሪያዬን አስታጉዬ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ግን ዝም ብሎኛል። ለምንድን ነው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ባለወፍጮው ዕድሜውን ሙሉ እህል ሲፈጭ ኖሮ የሞተሩ ጩኸት ጆሮውን አደከመው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሰው የሚለውን በምልክት ታስረዳው ስለነበር ማንም አላወቀበትም። እሷ ስትሞት ግን አለመስማቱ እንዳይታወቅበት ፈራ። ስለዚህ ሰው አፉን ሳይከፍት እሱ ይቀድም ጀመር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወፍጮው ቺንጋ፣ ስለ ጤፉ ጥራት ያወራል፣ ያወራል። ሌላው የሚገባበት ፋታ አይሰጥም።

አንድ ቀን ጎረቤቱ የወንድሟን ሞት ልትነግረው ብትመጣ፣ ስለ ቺንጋው እያወራ ሳቀባት። ከዚያ ወዲህ ደጁን የሚረግጥ ጠፋ። «ልቡ አብጧል» አሉት። እሱም ለምን እንደራቁት ሳይገባው ከባዶ ወንበሮች ጋር ተፋጦ መዋል ሆነ ሥራው። ጸሎቱም ያው ነበር። ከቁርባን በኋላ ምእመኑ በጽሞና ሲቀመጥ የሱ ድምፅ ብቻ ቤተ ክርስቲያኑን ይሞላዋል።

አንድ እሑድ ሩቅ አገር ያገባች ልጁ ሳይጠብቃት መጣች። ደስታው ወሰን አጣ። ገና ከመቀመጧ ስለሚያፈሰው ጣራ፣ ስለ ጎረቤት ላም፣ ስለ ሞተሩ መበላሸት አወራላት። አፏ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ቶሎ ብሎ ሌላ ወሬ ያመጣል። በመጨረሻ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

ሰውየው ደነገጠ። አንድ ነገር ብላዋለች፤ ምን እንዳለች ግን አያውቅም። «እግዜር ይከተልሽ» ብሎ ቢሸኛት ምስጢሩ እንደተጠበቀ ይቀር ነበር። እሱ ግን የነጠላዋን ጫፍ ያዘ።

«ልጄ፣ አልሰማሁሽም። ከመጣሽ ጀምሮ ያልሽውን አንዱንም አልሰማሁም። ጆሮዬ ከድቶኛል። ድገሚልኝ።»

ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ተጠግታ አፏን ጆሮው ላይ አደረገች።

«አባባ፣ አርግዤ ነበር። ወረደብኝ። ለቅሶ የደረሰኝ የለም። አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው አጥቼ ነው አንተ ጋ የመጣሁት።»

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ራሷን ደረቱ ላይ አስደግፎ አብሯት አለቀሰ።

አባ ሉቃስ ወደ አጋታ ዞሩ።

«ያ ሰው እኔና አንቺ ነን፤ ልትነግረው የመጣችው ልጁም የጌታ ድምፅ ናት። ዝም ካልን አለመስማታችን ይታወቅብናል ብለን ስለምንፈራ ጸሎታችንን በቃል እንሞላዋለን። ከእንግዲህ መቁጠሪያሽን ስትጨርሺ ቶሎ አትነሺ። ‹ጌታ ሆይ፣ አልሰማሁህም› በዪው። አያፍርብሽም። ግን ልንገርሽ፤ የሚልሽ ነገር ደስ የሚል ላይሆን ይችላል። ምናልባት ማንም ያልደረሰለት የአንድ ሰው ለቅሶ ይሆናል።»

አጋታም፣ «ምንም ባይለኝስ፣ አባ?» አለች።

«ያን ጊዜም አትሂጂ፤ ጌታም ለቅሶ ብቻውን እንዳይቀመጥ።»