የተጠረጉት ታንኳዎች

አንድ አዲስ የተሾመ ርዕሰ መምህር ፊደል ወዳስቆጠሩት የኔታ መጥቶ «የኔታ፣ ትምህርት ቤቱን ጠራርጌ በአዲስ ጀመርኩ፤ ግን ልጆቹ አልረጋ አሉኝ፣ ሥራውም አልጸና አለኝ። ምን ጎደለኝ?» ሲል ጠየቃቸው። የኔታም እንዲህ አሉት፦

አንድ ሰው ነበረ፤ የዕፅዋትንና የእንስሳትን ነገር ጠንቅቆ የተማረ። ደንገሉ፣ ያ የውሃ ዳር ረጅም ሣር፣ ወዳለቀበት ሐይቅ ዳር መልሶ እንዲያለማው ተላከ። ደንገል ከሌለ ዓሣ የት ይራባል? ታንኳስ ከምን ይሠራል? ይሄ ይሄ ገብቶታል፤ ሞኝ አልነበረም። በዳርቻው ያገኘውን ግሳንግስ ሁሉ አስጠርጎ አቃጠለና የደንገል ሥር አስተከለ። ማዕበሉ ነቅሎ ወሰደው። ደግሞ ጠረገ፣ ደግሞ ተከለ፤ ደግሞ ተነቀለ። የአገሩ ሰዎችም «ዘንድሮ ካልያዘ ዳርቻውን አርሰን ሽምብራ እንዘራበታለን» ብለው ቁርጡን ነገሩት።

ሰውየው ጨነቀው። አንድ ቀን ዳር ዳሩን ሲንከራተት፣ ሰው ከማይደርስበት ጥግ ላይ ለምለም ደንገል ቆሞ አየ። ይሄን ደግሞ ማን ተከለው? ተንበርክኮ ጭቃውን በእጁ ቢዳብስ የበሰበሰ ታንኳ አገኘ። እዚያው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ደንገል እያሰሩ አዲስ ታንኳ ይሠሩ ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ያረጀ ታንኳዬ ነዋ! ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ እዚሁ ዳር ላይ እንጥለዋለን፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ማዕበሉን ይመልሳል፣ ደለሉን ይይዛል፤ ደንገሉ ከጀርባው ይበቅላል። አንተ መጥተህ ቆሻሻ ነው ብለህ አነደድከው እንጂ!»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«መች ጠየቅከኝና?»

ሰውየው አፈረ። ነገሩ ግን ከማፈሩ በላይ ገረመው፤ ሽማግሌውን ሲጠይቅ ዋለ። በማግስቱ ጫማውን አውልቆ መንደር ለመንደር ያረጀ ታንኳ ለመነ። እየተሸከመ አምጥቶ ዳርቻው ላይ አጋደመው፤ ከጀርባውም ተከለ። ክረምት ገባ፣ ማዕበሉ መጣ፤ ታንኳዎቹን እየመታ ተመለሰ። ደንገሉ ያዘ። ሽምብራውም ሳይዘራ ቀረ።

የኔታ ይህን ብለው ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞር አሉ። «አንተም የተከልከው ክፉ አይደለም፤ ጎሽ! ግን ከመትከልህ በፊት ምን ጠረግህ? ሰምቻለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩትን ሦስት አዛውንት መምህራን አርጅተዋል ብለህ አሰናበትክ። ልጆቹን ይዘው ያቆዩልህ እነሱ ነበሩ። ለመሆኑ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«በል ተነሣ፤ ቤታቸውን ታውቀዋለህ።»