ለአለቃው የቀረው ቁጥር

አቶ አንዳርጌ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከሆኑ ጀምሮ ፊተኛው ነገር ሁሉ የእሳቸው ነው። የመኪና ማቆሚያው የመጀመሪያ ቦታ የእሳቸው ነው፤ የስብሰባው መክፈቻም መዝጊያም የእሳቸው ነው። በሠራተኞቻቸው ሠርግ እንኳ ከሙሽሮቹ ፊት ቆመው ፎቶ ካልተነሡ ያኮርፋሉ።

አንድ ቀን ለኮምፒውተሮቹ በሙሉ አዲስ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም እያንዳንዱ ኮምፒውተር በኔትወርኩ ላይ የሚለይበት ቁጥር፣ እንዲሰጥ ተወሰነ። አንዲት የኔትወርክ ሠራተኛ ፐርል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጻፈች። ፕሮግራሙም የኔትወርኩን አድራሻዎች ከ1 እስከ 254 አንድ በአንድ ዘርዝሮ አወጣላት። ዝርዝሩን ስብሰባ ላይ ስታቀርብ አቶ አንዳርጌ ጠረጴዛውን ደበደቡ።

«ከአንድ ነው እንዴ የሚጀምረው? ዜሮው የታለ? የመጨረሻውም ቁጥር፣ 255፣ የለም! ሁለቱንም ለእኔ ካልሰጠሽ ከነገ ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ነሽ!»

«ጌታዬ፣ ፕሮግራሙ እንዲዘላቸው ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ሁለቱ ለማንም ኮምፒውተር አይሰጡም።»

«ለምንድን ነው የማይሰጡት?»

«ፊተኛው የኔትወርኩ መጠሪያ ነው፤ የሁሉንም ስም ይዞ ይቀመጣል እንጂ ራሱ ምንም ሥራ አይሠራም። ኋለኛው ደግሞ ሁሉም ላይ በአንዴ መጮኺያ ነው፤ ማዳመጥ የሚባል ነገር አያውቅም።»

«ቢሆንስ! ለእኔ ብትሰጪኝ ምን ይጎድልብሻል?»

«እንደገና ምን ብዬ ልስጥዎት፣ ጌታዬ? ከተሾሙ ጀምሮ ሁለቱንም ይዘዋቸው የለም እንዴ!»