ያልጠየቁት ደብዳቤ እና የከፍያለው እጆች

ሰንሰለት ልዘርጋላችሁ፤ እኔ አንዱን ቀለበት ስስብ እናንተ ቀጣዩን ያዙ።

አዳማ ውስጥ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። ታናሽ ወንድማቸው ከፍያለው ጅማ ነው የሚኖረው። አናጢ ነው፤ መስማት አይችልም። ሚስቱ ጥቅምት ላይ ካረፈች ወዲህ በዚያ ከተማ በምልክት የሚያዋራው ሰው የለም። ስለዚህ በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን እትዬ ደብሪቱ ኮምፒውተራቸውን ይከፍታሉ። እሱ በእጁ ያወራቸዋል፤ እሳቸውም በእጃቸው ይመልሱለታል። በሞባይል ዳታ ሞክረውት ነበር፤ ምስሉ እየተቆራረጠ ምን እንዳለ አይለይም። በቤታቸው ኢንተርኔት ግን አንዲት ጣት እንኳ አታመልጣቸውም።

ሰኞ ዕለት በበሩ ሥር ደብዳቤ ገባ። ከቆየው ድርጅታቸው፣ ከዋርካ ኢንተርኔት ነው። «ወደ ሌላ ድርጅት ለመዛወር ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት መስመርዎ ዓርብ ጠዋት ይቋረጣል» ይላል። ማክሰኞ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ይሄኛው ደግሞ ንስር ኢንተርኔት ከሚባል ከማያውቁት ድርጅት። «እንኳን ወደ እኛ መጡ! አዲሱ መስመርዎ በአንድ ወር ውስጥ ይገባል» ይላል።

«ማን ጠየቃችሁ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ ወረቀቱን። «ወር ሙሉ ከፍያለው ከግድግዳ ጋር ሊያወራ ነው?»

ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስመሩ እንዳይቆረጥ።

የዋርካን ሽቦ የሚቀጥለውና የሚቆርጠው ቡልቻ መሰላሉን ተሸክሞ ሲሄድ መንገድ ላይ አገኙት።

«ቡልቻ ልጄ፣ መስመሬን አትቁረጥ፤ ከወንድሜ ጋር ላውራበት።»

«እኔስ መቼ መቁረጥ እወዳለሁ፣ እትዬ? ቢሮ ያለችው ጸሐፊ ምንትዋብ ትዕዛዙን ካልሰረዘች ግን መቁረጤ አይቀርም።»

ወደ ዋርካ ቢሮ ሄዱ።

«ምንትዋብ፣ ትዕዛዙን ሰርዢ፤ ቡልቻ መስመሬን አይቁረጥ፤ ከወንድሜ ጋር ላውራ።»

ምንትዋብ ሞከረች፤ ኮምፒውተሩ እንቢ አለ። «የንስሩ አቶ ሸምሱ ጥያቄውን ካልሳቡ መሰረዝ አልችልም» አለች፤ ፊቷ ላይ ሐዘኔታ ይታያል።

ወደ ንስር ቢሮ ሄዱ።

«አቶ ሸምሱ፣ ጥያቄውን ይሳቡ፤ ምንትዋብ ትዕዛዙን ትሰርዝ፤ ቡልቻ መስመሬን አይቁረጥ፤ ከወንድሜ ጋር ላውራ።»

አቶ ሸምሱ ቅጹን አወጡ። «የቤት ቁጥር ዘጠኝ መቶ አሥራ ሰባት። የእርስዎ አይደል? የሞላችው ርብቃ ናት። እሷ ተሳስቻለሁ ብላ ካልፈረመች አልስብም።»

ርብቃ አውቶቡስ ተራ ጃንጥላ ዘርግታ ለንስር ደንበኛ ትመዘግባለች። ረቡዕ ማለዳ ደረሱባት።

«ርብቃ፣ ተሳስቻለሁ ብለሽ ፈርሚ፤ አቶ ሸምሱ ጥያቄውን ይሳቡ፤ ምንትዋብ ትዕዛዙን ትሰርዝ፤ ቡልቻ መስመሬን አይቁረጥ፤ ከወንድሜ ጋር ላውራ።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከፈረምኩ ከሥራ ያባርሩኛል። ያን ቀን የተመዘገቡት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የባቡር ነጂ ነበርኩ ብለውኛል። ኅሩይ ነው ስማቸው። እሳቸው ቀርበው ጠያቂው እኔ ነኝ ካላሉልኝ አልፈርምም።»

«ቤታቸው የት ነው?»

«ቅጹ ላይ አለ…» አለች ርብቃ። ቅጹ ላይ ያለውማ የእትዬ ደብሪቱ ቤት ነው።

እትዬ ደብሪቱ አልተቆጧትም። ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ስንት የተሳሳተ የመጽሐፍ ቁጥር አርመዋል! ዘጠኝ መቶ አሥራ ሰባትን አገላበጡት፤ ሰባት መቶ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ያን በር አንኳኩ። አንድ ሽማግሌ ከፈቱ።

«ጋሼ ኅሩይ፣ ቀርበው ጠያቂው እኔ ነኝ ይበሉ፤ ርብቃ ትፈርም፤ አቶ ሸምሱ ጥያቄውን ይሳቡ፤ ምንትዋብ ትዕዛዙን ትሰርዝ፤ ቡልቻ መስመሬን አይቁረጥ፤ ከወንድሜ ጋር ላውራ።»

«የንስር ሰዎችን ሃያ ቀን ደጅ ደጁን እያየሁ ጠበቅኳቸው!» አሉ ጋሼ ኅሩይ። «አሁን ደግሞ እኔው ልሂድላቸው? አልሄድም!»

እትዬ ደብሪቱ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ወንድሜ አይሰማም፣ ጋሼ። እጁን ካላየሁ በልቶ ይደር፣ ጦሙን ይደር የማውቅበት የለኝም።»

ሽማግሌው ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ።

«ሠላሳ ዓመት ባቡር ነድቻለሁ» አሉ፤ «ሰው እየሮጠ ሲመጣ እያየሁ ጥዬው ሄጄ አላውቅም። ይነሱ እንጂ!»

ርብቃን ይዘው ሦስቱም ንስር ቢሮ ገቡ። «ጠያቂው እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ኅሩይ። «ቁጥሩንም አገላብጬ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ መነጽሬን ረስቼ። ልጅቷን አንድ ነገር እንዳትሏት!» እውነት ይሁን አይሁን እሳቸው ያውቃሉ፤ ርብቃ ግን ቀና አለች።

ጋሼ ኅሩይ ቀረቡ፤ ርብቃ ፈረመች፤ አቶ ሸምሱ ጥያቄውን ሳቡ። ዓርብ ጠዋት ቢሮ እንደተከፈተ ምንትዋብ ትዕዛዙን ሰረዘች። ቡልቻ መሰላሉ ጫፍ ላይ ነበር፤ ስልኩ ጮኸ፤ አዳመጠ፤ ፒንሳውን ኪሱ ከተተና ወረደ።

አሥር ሰዓት ላይ የከፍያለው ፊት ብቅ አለ።

«ደክሞሻል» አለ በእጁ። «ምን ሆነሽ ነው?»

እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን አነሡ። ባለመሰላሉን አሳዩት፤ ጸሐፊዋን አሳዩት፤ ቢሮ ያለውን ሰውዬ፣ ባለጃንጥላዋን ልጅ፣ ቁጡውን ባቡር ነጂ አሳዩት። ከዚያ ከኋላ ወደፊት መለሱት፤ ነጂው ሄደ፣ ልጅቷ ፈረመች፣ ሰውዬው ሳበ፣ ጸሐፊዋ ሰረዘች። ጣቶቻቸው እየፈጠኑ፣ እየተጠላለፉ መጡ። ቡልቻ ከመሰላሉ የወረደበት ላይ ሲደርሱ ከፍያለው ጎኑን ይዞ ይስቅ ነበር፤ እንባው እስኪወርድ።

እንባውን በእጅጌው ጠረገና ወደ ካሜራው ጠጋ አለ።

«ድገሚው» አለ በእጁ። «ከመጀመሪያው ጀምሪ።»