በአለቃ ዝንጀሮ ክንድ የተለካው ገና

ተረት ልንገራችሁ? በሉ «ንገሪን» በሉኝ፤ ካላላችሁኝ አልጀምርም። ባለቤቴም ነፍሱን ይማረውና «ንገረን» ካልተባለ አይጀምርም ነበር። ይህን ተረት በየዓመቱ በገና ሰሞን ያወራልን ስለነበር፣ እንዳይጠፋብኝ እሱ እንደሚለው አድርጌ ጻፍኩት።

ዱሮ፣ እንስሳት ትምህርት ቤት በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ላይ ማዶ ያለው የአለቃ ዝንጀሮ ነው። ታች ማዶ ያለው የየኔታ ኤሊ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሰፊ መስክ አለ፤ ግማሹ የላይ ማዶ፣ ግማሹ የታች ማዶ።

በዓመት አንድ ቀን፣ በገና ዕለት፣ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በዚህ መስክ ላይ ይጋጠማሉ። ሩር የምትባል ከእንጨት የተድበለበለች ኳስ አለች። እሷን ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ይለጓታል፤ የዱላውም ስም እንደ ጨዋታው ገና ነው። ሩሯን ከባላጋራው ድንበር ያሳለፈ ይረታል። የረታ የተረታውን በግጥም ይሰድባል፤ የተረታው አለቃም ይሁን ጉንዳን አይቆጣም። ደንቡ እንደዚያ ነው።

ሌላም ደንብ ነበር፤ ይኼኛው ግን አያስቅም። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም አሥራ ሁለት ተጫዋች ያላሰለፈ ትምህርት ቤት ይዘጋል። የመስኩም ድርሻ ለባላጋራው ይሆናል።

እንግዲህ ላይ ማዶ አምስት ዓመት በተከታታይ ረታ። የታች ማዶ ተማሪዎች መሰደቡ ሰለቻቸውና አንድ በአንድ ወንዙን ተሻገሩ። ዛሬ ድኩላ ሄደ፣ ነገ ጥንቸል ሄደች። በስድስተኛው ዓመት የኔታ ኤሊ ተማሪዎቹን ቢቆጥር ልክ አሥራ ሁለት ቀርተውታል። ሁለት ቢጎድሉበት ራሱን ቢጨምርም ትምህርት ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።

አለቃ ዝንጀሮ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ቁራን ላከ።

ቁራ መጀመሪያ ሚዳቋ ዘንድ መጣ። ላይ ማዶ ጧትና ማታ የሚላስ የጨው ድንጋይ እንዳለ ነገራት። ሚዳቋ ከታች ማዶ ሁሉ ፈጣኗ ነበረች። ሦስት ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቷ ዞር ብላ አየችና ወንዙን ተሻገረች። ገናዋን እንኳ አልያዘችም፤ ላይ ማዶ አዲስ ይሰጣል ተብላለች።

ቁራ ሁለተኛ ከርከሮ ዘንድ መጣ። ላይ ማዶ አጥር የሌለው የድንች ማሳ እንዳለ ነገረው። ከርከሮ ከታች ማዶ ሁሉ ብርቱው ነበር። እሱ ወደ ኋላው አላየም። እሱም ገናውን ጥሎ ሄደ።

ቁራ በሦስተኛው ራሱ የኔታ ኤሊ ዘንድ መጣ።

«የኔታ፣» አለ፣ «አለቃ እጅ ነስተዋል። ሰፊ ቤት ተሠርቶልዎታል፤ መጥተው ላይ ማዶ ያስተምሩ።»

«ቤቱ ምን ያህል ይሰፋል?»

«ዝሆን ያስተኛል።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራበት ነው?» አለ የኔታ። «የትም ብሄድ የማድረው እዚሁ ጀርባዬ ሥር ነው። ይልቅ ንገረኝ፣ ለልጆቼ የምትሰጧቸው አዲሱ ገና ምን ዓይነት ነው?»

ቁራ በኩራት አስረዳው። ግንደ ቆርቁር እየጠረበ ነው፤ አርባ ገና፣ አርባውም በአለቃ ክንድ የተለካ።

«አርባውም?»

«አርባውም።»

የኔታ ዘንድ ወጉ ሌላ ነው። ኅዳር ሚካኤል ሲያልፍ እያንዳንዱ ተማሪ ጫካ ገብቶ የራሱን ወይራ ይቆርጣል፣ በእሳት ወላፈን አሙቆ ጫፉን ይቆለምማል፣ በራሱ ቁመት ልክ ያደርገዋል። የአይጥ ገና አይጥን ያህላል፣ የጃርት ገና ጃርትን። የራሱን ገና ያልቆለመመ አይጫወትም።

ቁራ እንደሄደ ጥግ ላይ የቆመው የሚዳቋ ገና ማልቀስ ጀመረ። የከርከሮም ገና አብሮት አለቀሰ። የሚዳቋ ገና «ክረምት ሲመጣ ለማገዶ ያደርጉኛል» ሲል፣ የከርከሮው «አንተስ ቀጭን ነህ፣ ቶሎ ነደህ ታልቃለህ፤ እኔን ወፍራሙን ምን ይበጀኝ» ይላል። የኔታ ግን የሁለቱንም አቧራ አራግፎ መልሶ አቆማቸው።

አሁን አሥር ተማሪ ቀርቷል። የኔታ ራሱ ቢቆም አሥራ አንድ። አንድ ጎደለ። ገና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው የከርከሮ እናት፣ እማማ ከርከሮ፣ እያነከሱ መጡ።

«ልጄ ለድንች ብሎ ሄደ፣» አሉ። «እኔን ድንች ሆዴን ይነፋኛል። ሰልፉ ላይ ቦታ ካለ ልቁም።»

«ገና ቆልምመው ያውቃሉ?»

«ባል ቆልምሜ አቅንቼ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ወይራ ያቅተኛል?»

ባለቤቴ እዚህ ላይ ሲደርስ እኔን እያየ ይስቅ ነበር።

ወደ ላይ ማዶ እንሻገር። አለቃ ዝንጀሮ ክንዱን ዘርግቶ «አምስት ዓመት የረታው ይህ ክንድ ነው፤ የረታ ክንድ መለኪያ ይሆናል» ብሎ ነበርና ግንደ ቆርቁር ያንኑ ለክቶ ጠረበ። ለሚዳቋ ሲሰጧት ገናው እግሯ መካከል ገብቶ ጣላት። አለቃ እንዴት ነው ቢላት፣ «ልክ ነው ጌታዬ» አለች። ለከርከሮ ሲሰጡት ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ቀረ። እሱም «ልክ ነው ጌታዬ» አለ። ሦስተኛዋ ጦጣ ነበረች፤ ከገናው ጋር ብትቆም ገናው በጭንቅላት ይበልጣታል። «ልክ ነው ጌታዬ፣» አለች ጦጣ፣ «እንዲያውም ትንሽ ሳያጥር አይቀርም።»

አዲሶቹ ገናዎች እርስ በርሳቸው «እኔ ለዚህች ልጅ እረዝማለሁ»፣ «እኔም ለዚህኛው» ይባባሉ ነበር። ግንደ ቆርቁር ግን ዱላ ይመታል እንጂ አይናገርም ብሎ ዝም አሰኛቸው።

የገና ዕለት ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ታች ማዶ አሥራ ሁለት ሆኖ ተሰለፈ። ላይ ማዶዎች እማማ ከርከሮን አይተው ሳቁ። ጨዋታው ተጀመረ። ሚዳቋ ሮጠች፤ ገናዋ ተሰነቀረና ወደቀች። ጦጣ ሰነዘረች፤ ገናው ይዟት ዞረ። ከርከሮ ግን ድንበሩ ላይ እንደ ግንብ ቆሟልና ማለፊያ የለም።

እማማ ከርከሮ ቀስ ብለው ተጠጉት።

«ልጄ፣ ድንቹ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው እማዬ» አለና ወደ እናቱ ዞረ። ሩር በእግሮቹ መካከል ሾልካ አለፈች። ከኋላው አይጥ ነበረች፤ የአይጥ ገና አይጥን ያህላል ብዬአችኋለሁ፤ ለጋቻት፣ ሩርም ድንበሩን ተሻገረች። ስትሻገርም «አምስት ዓመት ሲፈነክቱኝ ኖረው ዛሬ በወጉ ተመታሁ» አለች ይባላል።

ጃርት እሾኋን እያንቀጫቀጨች ስድቡን አወጣች፦

የአለቃችን ክንዱ ረዝሟል ይላሉ፣
ሩሯን ሳያገኙ አየር ሲገርፉ ዋሉ።

አለቃ ዝንጀሮ አልቆጣም አለ። ፊቱ ግን ከመቀመጫው ይልቅ ቀላ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገላበጠ። ሚዳቋ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች፤ የኔታም ገናሽ ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል ብቻ አላት። ከርከሮ ተመለሰ። ድኩላ፣ ጥንቸል፣ ኋላም ጦጣ ሳትቀር ወንዙን ወደ ታች ተሻገሩ። በሁለተኛውም ዓመት ታች ማዶ ረታ። ሦስተኛው ሲመጣ የየኔታ ተማሪዎች ስድሳ ደርሰው ነበር። አለቃ ዝንጀሮ ተማሪዎቹን ቢቆጥር ራሱን ጨምሮ አሥራ አንድ ቀርተውታል። ታች ማዶዎች መስኩ በሙሉ የኛ ሊሆን ነው እያሉ ከወዲሁ ይከፋፈሉት ጀመር።

አንድ ቀን ጦጣ ተነሥታ እጅ ነሳች።

«የኔታ፣ የረታ ክንድ መለኪያ ነው። የዘንድሮው ገና በእርስዎ ክንድ ይለካ።»

የኔታ ኤሊ ክንዱን አውጥቶ አየው። የአንድ ጣት ያህል ነው። ከዚያ ስድሳውን ተማሪዎች አየ። «ልክ ይመጣላችኋል?» ሲል ጠየቀ።

ሚዳቋ፣ ጉልበቷ ከየኔታ ራስ በላይ የሆነችው ሚዳቋ፣ «ልክ ነው የኔታ» አለች። ከርከሮም «ልክ ነው» አለ። የኔታ ወደ እማማ ከርከሮ ዞረ፤ እሳቸው ይስቃሉ ብሎ ነበር። እማማ ከርከሮም ራሳቸውን ነቅንቀው «ልክ ነው እንጂ» አሉ።

ያን ጊዜ የኔታ ኤሊ ፈራ። አምስት ዓመት ሲሸነፍ ያልፈራው፣ አሁን አንገቱን ወደ ውስጥ ሳበ። «አስቤ እነግራችኋለሁ» አላቸውና ገናውን ጀርባው ላይ አሥሮ ወጣ። ለገና ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር፤ የት እንደሄደ ማንም አልጠየቀም። ጦጣም የኔታ ዝም ካለ ወዷል ማለት ነው ብላ ስድሳውንም ገና በጣት ልክ አስቆረጠች።

የገና ዕለት ደረሰ። ፀሐይ ወደ አናት እየወጣች ነው። ላይ ማዶዎች ተሰለፉ፤ ሲቆጠሩ አሥራ አንድ። በዚህ ዓመት ሁሉም በየቁመቱ የቆረጠውን ገና ይዟል፤ አለቃ ዝንጀሮ ከሁለት ዓመት ስድብ በኋላ ገብቶታል። ግን አንድ ጎደለ። ታች ማዶዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየደጋገሙ ቆጠሩላቸው። አለቃ ዝንጀሮ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በረጅም ክንዱ ሸፈነ። ያ ትምህርት ቤት አባቱ የሠራው ነበር።

ፀሐይ አናት ልትደርስ የእጅ ስፋት ሲቀራት ከወንዙ አንድ ነገር ብቅ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ የተጓዘው የኔታ ኤሊ ነው፤ ውኃው ከጀርባው ይንጠባጠባል።

«አለቃ፣ አሥራ ሁለተኛ ልሁንልዎ» አለ።

አለቃ ዝንጀሮ ክንዱን ከፊቱ አወረደ። «ሊሳለቁብኝ ነው የመጡት?»

«ልጫወት ነው የመጣሁት።»

ፀሐይ አናት ላይ ቆመች። አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት።

ታች ማዶዎች መምህራቸውን ከባላጋራ ጋር ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። ግን ጨዋታው ተጀምሯል። ሚዳቋ ሩሯን ለመምታት በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ተንበርክካ ደግሞ አትሮጥም። ከርከሮ ጣት በምታክል ገና መሬቱን ጫረ። ጦጣማ ገናዋን ሣር ውስጥ ጥላት ትፈልጋለች። ሩር ከወዲያ ወዲህ ተንከባላ መጥታ የታች ማዶ ድንበር ላይ፣ ከየኔታ ኤሊ እግር ሥር ቆመች።

የኔታ ተማሪዎቹን አየ፣ ሩሯንም አየ። ኤሊ ሲያስብ ጊዜ ይወስዳል።

«አይቸኩሉ፣» አለችው ሩር፣ «የትም አልሄድም።»

የኔታ ገናውን አነሣ። በመስኩ ላይ ካሉት አጫጭር ገናዎች ሁሉ በባለቤቱ ልክ የተቆረጠው ያ ብቻ ነበር። ቸብ አደረጋት። ሩርም አንድ ስንዝር ተንከባለለችና ድንበሩን አለፈች።

ታች ማዶዎች አንዳንዶቹ አለቀሱ። እማማ ከርከሮ ግን እጃቸው ላይ ያለችውን ጣት የምታክል ገና አገላብጠው አዩና መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ወደ ልጃቸው ተጋባ፣ ከሱ ወደ ሚዳቋ፤ በመጨረሻ መስኩ በሙሉ ሳቀ። ጦጣ ብቻ አሁንም ገናዋን ትፈልጋለች።

ሳቁ ሲበርድ አለቃ ዝንጀሮ የኔታን ጠጋ አለው። «መስኩ በሙሉ በእጅዎ ሊገባልዎት ነበር፣» አለ በዝግታ። «ለምን መጡ?»

«እርስዎ ዘንድ ሁሉ ልክ ነው ሲልዎ፣ ልክ እንዳልሆነ የነገርንዎ እኛ ነን፣» አለ የኔታ። «ዘንድሮ ለእኔም ልክ ነው አሉኝ። እርስዎ ከሌሉ ማን ይንገረኝ?»

ከዚያ ወዲህ አንዱ ዓመት ላይ ማዶ ይረታል፣ አንዱ ዓመት ታች ማዶ። ተማሪውም ወዲህ ይሻገራል፣ ወዲያ ይሻገራል፤ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ግን ዛሬም ክፍት ናቸው ይባላል። እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው፤ ያልጣማችሁ ጨው ጨምሩበት፣ የጣማችሁ ለጎረቤት አቅምሱ።

ባላጋራ የሌለው ጎበዝ፣ መስተዋት የሌላት ቆንጆ።