ያለ ከበሮ ቀስቅሺ

አንዲት ምላሰኛ የእስክስታ አስተማሪ ነበረች። ከተማሪዎቿ አንዱ ሲሰለቸው አትቆጣም፤ ሌላ ልጅ ፊቱ ታቆምና ትከሻውን እያንቀጠቀጠ እንዲተነኩሰው ታደርጋለች። የተተነኮሰ ትከሻ ደግሞ መልስ ሳይሰጥ አይቀመጥም፤ ክፍሉ ወዲያው በሳቅና በእስክስታ ይደበላለቃል።

አንድ ቀን የከተማው የባህል ሹም አቶ ድልነሳው ምክትላቸውን አስከትለው ከተፍ አሉ። ሳቁን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይኼ ትምህርት ነው ወይስ ቧልት? ልጅ የሚማረው አርፎ ሲያዳምጥ ነው። ቁጭ በሉ!»

ልጆቹን መሬት ላይ፣ ምክትላቸውን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው ስለ ውዝዋዜ ጥቅም መናገር ጀመሩ። ንግግሩ ከጥንት ተነስቶ ገና ዛሬ ላይ ሳይደርስ አንዱ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ጭልጥ አለ፤ ሌላው ጓደኛው ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ትንሿ ልጅ ጭራሽ ከበሮውን ተንተርሳ ማንኮራፋት ጀመረች።

ሹሙ ጦፉ።

«የሰነፍ ጥርቅም ነው ያፈራሽው! በይ አሁኑኑ ቀስቅሺያቸው! ከበሮ መምታት የለም፣ ጨዋታ የለም፣ መነካካትም የለም። ካልቻልሽ የክፍሉን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ!»

አስተማሪዋ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«ይኼማ ምን ይከብዳል ጌታዬ? እርስዎ ብቻ ‹አመሰግናለሁ› ብለው ንግግርዎን ይዝጉት፤ የተኛው ሁሉ እያጨበጨበ ይነሳል።»

ይኼኔ ከኋላ ወንበር ላይ ምክትላቸው «አመሰግናለሁ» የምትለውን ቃል ሰምተው በርግገው ተነሱና፣ ዓይናቸውን ገና ሳይገልጡ ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ።