ያልተጠለፈው ሸማ

አንዲት ሴት በእትዬ አጸደማርያም ላይ ቂም ይዛ ኖረች። ነገሩ የአንድ ቀሚስ ነገር ነው።

ጥልፍ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሴቶች ልጆች ግቢያቸው ውስጥ ከኮኩ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲጠልፉ፣ ሲተራረቡ ይውሉ ነበር። የኮኩ አበባ ሸማቸው ላይ ሲረግፍ፣ "እዩ፣ ዛፉም ይጠልፋል" ይባባሉ ነበር። ደግ ዘመን ነበር።

የሠርግ ቀሚሷን የጠለፈችው እዚያው ነው። መስቀሉን ደረቱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ባዶ ቦታ አየች። እናንተስ ባዶ ቦታ ስታዩ እጃችሁን አይበላችሁም? እሷን በላት። ወይን ጨመረች፣ ርግብ ጨመረች፣ አበባ ጨመረች፤ የሸማው ንጣት እስኪጠፋ።

ሠርጉ ሲቃረብ እትዬ መቀስ አነሱና ከመስቀሉ በቀር ያለውን ሁሉ ተረተሩት።

"ምነው እትዬ፣ ያን ሁሉ ድካሜን?"

"ድካምሽን ሊያይ ማን ይመጣል? ቤቱን በእንግዳ ሞልተሽ ሙሽራዋን የት ልታስቀምጪያት ነው?"

ልጃገረዶቹ ሳቁ። ያ ሳቅ አንጀቷ ውስጥ ቀረ። ቀሚሱን ለብሳ ተዳረች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ደጃቸውን አልረገጠችም። ለፋሲካም።

ዓመታት አልፈው ልጇ ልትዳር ሆነ። እናት በእልህ ተቀምጣ የልጇን ቀሚስ ከአንገት እስከ እግር ሞላችው። "ይኸው፣ አሁን ማን እንደሚተረትረው አያለሁ" አለች።

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ፣ ልጇ አሮጌውንም አዲሱንም ቀሚስ ፀሐይ ላይ አስጥታለች። እናት ከአጥሩ በር ሆና አየች። የአሮጌው መስቀል ከሩቅ ይጣራል። አዲሱ ቡራቡሬ ሆኖ መስቀሉ የት እንዳለ እንኳ አይለይም።

"እማዬ፣ አትቆጪኝና ያንቺን ብለብስስ?" አለች ልጅ።

እህቶቼ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከሩቅ የሚታያችሁ ለምንድን ነው? ዙሪያው ሰማይ ብቻ ስለሆነ አይደለም? ታዲያ እናንተ ጸሎታችሁን በምን በምን ከበባችሁት? አንድ ነገር ስለቀነሱላችሁ የማንን ደጅ መርገጥ ተዋችሁ?

ያቺ ሴት አዲሱን ቀሚስና መቀስ ይዛ ወደ እትዬ ደጅ ሄደች። እትዬ ዓይናቸው ደክሟል። በእጃቸው ዳሰሱት።

"ደግሞ ሞላሽው?"

"ሞላሁት፣ እትዬ። ይተርትሩልኝ።"

"እኔ ምን ይታየኛል? አንቺ ተርትሪ፣ እኔ ክሩን ልሰብስብ።"

ከኮኩ ሥር ቁጭ ብላ ተረተረችው። አበባው እንደ ድሮው ይረግፋል። አንዱ መጥቶ መስቀሉ አጠገብ ዐረፈ። እፍ አለችው።